ከሩቅ «ቁም» ማለት

አጎቴ አንድ አሮጌ አይሱዙ አለው። ደብረ ታቦር ተወልዶ፣ ደብረ ታቦር አግብቶ፣ እዚያው በንግድ ያረጀ ሰው ነው። ከጋይንት ድንችና ገብስ፣ ከፎገራ ሩዝና ሽንኩርት እያስጫነ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያበቃው በዚችው መኪና ነው። በ2013 ዓ.ም መኪናዪቱን ሊያስጠግን አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ የመኪና ስርቆት ወሬ በየሻይ ቤቱ ይናፈስ ነበርና፣ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አግባብቶት ከዳሽቦርዱ ሥር የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ዕቃ አስገጠመ። ዕቃዋ ሲም ካርድ ትጎርሳለች። በእጅ ስልክ አንድ ቃል ሲልኩላት መኪናዋ የት እንዳለች ትናገራለች፤ ሌላ ቃል ሲልኩላት ደግሞ ሞተሩን ታጠፋለች። አጎቴ እቤት መጥቶ ይህን ሲያጫውተን እንደ ልጅ ፈንድቆ ነበር።

«አየህ ልጄ» አለኝ፤ «ከእንግዲህ ሌባ ይዟት ቢነዳ እኔ እዚህ ቡናዬን እየጠጣሁ ቁም እለዋለሁ።»

ሦስት ዓመት ቆይቶ ያቺ ቃል ተላከች። መኪናዋም ቆመች። ሌባ ግን አልነበረም።

የዕቃዋ አሠራር ያን ያህል የተራቀቀ አይደለም። ሞተር በሕይወት የሚኖረው ነዳጅ እስካገኘ ድረስ ነው። በብዙዎቹ የቤንዚን መኪኖች ነዳጁን ከታንከር የሚገፋው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ሲሆን፣ በናፍጣ መኪኖች ደግሞ የነዳጁን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ፣ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ መዝጊያ ይገኛል። ወደዚህ በሚሄደው ሽቦ መካከል «ሪሌ» የምትባል ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ትገባለች። ጥቁሯ ዕቃ ትእዛዝ ስትቀበል ሪሌዋ ቀጭ ትላለች፤ መሥመሩ ይቋረጣል፤ ሞተሩም ይሞታል። የቀረው የሬዲዮ ጉዳይ ነው። የእጅ ስልክ ሬዲዮ መሆኑን እንረሳዋለን እንጂ፣ አጎቴ ከሳሎኑ የሚልካት ቃል አየር ላይ ተሳፍራ፣ ከማማ ወደ ማማ ተላልፋ፣ መኪናዋ ባለችበት አገር ካለው ማማ ላይ ወርዳ ነው ከዕቃዋ ጆሮ የምትገባው። ጥሩ የሚባሉት ዕቃዎች ትእዛዙን ቢቀበሉም የመኪናው ፍጥነት እስኪቀንስ ይጠብቃሉ። ርካሾቹ አይጠብቁም። አጎቴ የትኛዋን እንዳስገጠመ አንባቢ ሳይገምት አይቀርም።

ያን ዕለት እቤታችን ከነበሩት ሁሉ ያልተደነቁት አያቴ ብቻ ነበሩ። ዘጠናን ካለፉ ቆይተዋል፤ ጆሯቸው ቢደክምም ነገር አያመልጣቸውም። አጎቴ ተናግሮ ሲጨርስ ከት ብለው ሳቁና «እኛስ ማን አስቁም ብሎን ነው ስናስቆም የኖርነው?» አሉ። እኔ በጋዜጠኝነት የያዝኳት ዲፕሎማ ጥቅም ካላት እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ እስክሪብቶ ማውጣቴ ነው። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ከዚያ ምሽት የተገኘ ነው።

አያቴ ያደጉት ከጉና ተራራ ግርጌ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው ጉና በዙሪያው ላለው አገር ሁሉ የውኃ እናት ነው፤ ርብም ጉማራም ከሱ ይወርዳሉ። ያ አገር ገደልና ጋራ የተፈራረቁበት ስለሆነ አንድ ሰው ባሻገር ያለ ጎረቤቱን በዓይኑ እያየ በእግሩ ግን ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ድምፅ ግን ገደል አያግደውም። በቅሎ ሲሰረቅ ባለቤቱ ከደጁ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቶ ይጮኻል፤ የበቅሎዋን መልክ፣ የሄደችበትን አቅጣጫ ይናገራል። የሰማው ባላገር ከራሱ ኮረብታ ላይ ሆኖ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ጎበዝ የሆነ ሁሉ ዱላውን ይዞ ወደ መልካውና ወደ በሩ ይወርዳል። ሌባው እየሮጠ ሳለ ጩኸቱ ቀድሞት መሻገሪያው ላይ ይጠብቀዋል። «የኛ ስልክ ኮረብታው ነበር» ይሉ ነበር አያቴ።

ጩኸቱ ካልደረሰ ደግሞ ዱካ አለ። ዱካው የገባበት መንደር ዱካውን ከወሰኑ ማስወጣትና ለሚቀጥለው መንደር ማስረከብ ይጠበቅበታል። ካላስረከበ ዕዳው በሱ ላይ ይቀራል። ልብ በሉ፦ ይህ ሥርዓት ሌባውን ከመፈለጉ በፊት አገሩን በሙሉ ዘበኛ ያደርገዋል። በቅሎዋ የምትቆመው ሰው ሁሉ ሊከፍል ስለሚችል ነው።

ዱካውም ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራል። በሸዋና በሌላው አገር አፈርሳታ የሚባለው ማለት ነው። ያገሩ ሰው በሙሉ ከሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤት መሄድ የለም፤ ከብቱ ሳይታለብ፣ እርሻው ሳይታረስ ቀኑ ይነጉዳል። ያየ ሰው በገሃድ መመስከር ቢፈራ በስውር ለተመረጡት ሽማግሌዎች ሹክ ይላል፤ እነሱም ነገሩን ከ«ወፍ» ሰማነው ብለው ያወጡታል። የወፏ ስም አይነሳም። ታላቅ ብልሃት ነው፤ ምስክሩን ከበቀል ያድነዋል። አያቴ ግን ይህን ሲያወሱ ፊታቸው ይጠቁር ነበር። በልጅነታቸው የሚያውቁት አንድ ጎረቤት በአውጫጭኝ ተገኝቶበት ሁለት በሬ ከፍሏል፤ እውነተኛው ሌባ የታወቀው ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነው። «ወፏ ቂመኛ ነበረች» አሉ አያቴ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመው ሌባ ሻይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መጀመሪያ ወደ አገራችን የመጡ የውጭ መንገደኞች እየተደነቁ ጽፈውታል። ሹሙ አንድ ብላቴና በወተት የተበጠበጠ መድኃኒት ያጠጣዋል፤ ጢስ ያስምገዋል። ልጁ ራሱን ሲስት ወገቡ በታሰረበት መቀነት ይይዙትና ይለቁታል። እየተንገዳገደ፣ እየሮጠ፣ እየወደቀ መንደሩን ይዞራል። ገብቶ የተዘረረበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይከፍላል። ልጁ ሲነቃ የሠራውን አያውቅም፤ ስለዚህ ጠይቀህ የምትረታው ምስክር የለም። ሰው ሌባ ሻይን ይፈራው የነበረው ልክ ስለሆነ ይሁን መልስ ስለማይሰጥ፣ እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። ዘመናዊው የ1954 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲወጣ ለአውጫጭኝም ሆነ ለሌባ ሻይ ቦታ አላስቀረላቸውም። ምርመራው ለፖሊስ፣ ፍርዱ ለዳኛ ሆነ።

ይህ ሁሉ እግር ላለው ነገር ነው። መንኮራኩር ያለውን ማስቆም የዚያ አገር ሰው የተማረው ከአጼ ቴዎድሮስ ነው ማለት ይቻላል። ጋፋት ከደብረ ታቦር በእግር የሚደረስባት መንደር ናት። አውሮፓውያኑ የእጅ ባለሙያዎች ከአገሬው ሠራተኛ ጋር ሆነው ሴባስቶፖልን ያቀለጡት እዚያ ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ይገመታል። በ1860 ዓ.ም መስከረም ማለቂያ ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቻቸውን በሠረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። መንገድ አልነበረምና እየጠረጉ፣ ድንጋይ እየፈነቀሉ ነው የሄዱት፤ ራሳቸውም ከሰው ጋር ድንጋይ ያነሱ እንደ ነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው። መድፉ ሲነሳ ስለ ዳገቱ ይወራል፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ቁልቁለቱ ነው። የጅጣንና የበሽሎን ገደል ያየ ሰው ይገባዋል። ወደ ላይ ለሚጎተት ነገር ጉልበት ይበቃዋል። ወደ ታች የሚንደረደር 70 ኩንታል ናስ ግን ከኋላ በገመድ የያዙት ሰዎች ሁሉ በአንድ ልብ ካልተሳቡ፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ የሚያጎርሰው ሰው ሰዓቱን ካልጠበቀ የሚቆምበት ቦታ የለውም። ዛሬ የጭነት መኪና ረዳት «ታኮ» የሚለው ያቺን ድንጋይ ነው። በዚያ ጉዞ «ቁም» የሚለው ሰውም የሚያቆመው ሰውም ከመንኮራኩሩ ክንድ በማይርቅ ቦታ ላይ ነበሩ።

ከ62 ዓመት በኋላ ግን በዚያው ደጋ ላይ ትእዛዝ ከሰማይ ወረደ። ነገሩ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ከዚህ አንጻር ሲታይ አልሰማሁም። ራስ ጉግሣ ወሌ መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር አድርገው በጌምድርን ይገዙ ነበር። የንግሥት ዘውዲቱ ባለቤት የነበሩ፣ በኋላም ከንግሥቲቱ እንዲለዩ የተደረጉ ሰው ናቸው። ከንጉሥ ተፈሪ ጋር ተቃቅረው በ1922 ዓ.ም ጦራቸውን ይዘው ሲነሱ፣ የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ሊገጥሟቸው ዘመቱ። ከዚህ ጦር ጋር አዲስ ነገር ነበረ፦ አዲስ አበባ ከገቡ ዓመት ያልሞላቸው፣ ፈረንሳዮች የሚያበሯቸው አውሮፕላኖች። አውሮፕላኖቹ ቦምብ ከመጣላቸው በፊት ወረቀት በተኑ። ወረቀቱ ከአቡነ ቄርሎስና ከአምስቱ አዲስ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት የወጣ ውግዘት ነበረበት፤ ንጉሥ ተፈሪን ትቶ ራስ ጉግሣን የተከተለ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ይሁን የሚል።

ያን የጋይንት፣ የደብር፣ የፋርጣ ገበሬ አስቡት። አውሮፕላን የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ከሰማይ የወረደውን ወረቀት ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ሲያነብለት ያለው የጳጳስ ቃል ነው። ካህኑ ፊት ለፊት ቢያወግዘው «አባ፣ በደሌ ምንድን ነው?» ይል ነበር። አሁን ግን የሚጠይቀው የለም፤ ተናጋሪው አዲስ አበባ ነው፤ መልእክተኛው ደግሞ ደመና ውስጥ እየጮኸ ሄዷል። ብዙ ሰው ከጦሩ ከዳ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም አንቺም ላይ በተደረገው ውጊያ ራስ ጉግሣ ከፈረሳቸው ላይ ሳሉ ተመትተው ወደቁ። በሁለተኛው ቀን ንግሥት ዘውዲቱም አረፉ። በአገራችን ታሪክ ጦር በአውሮፕላን የተመታበት የመጀመሪያው ውጊያ ይኸው ነው። ለኔ ግን ከቦምቡ ይልቅ ወረቀቱ ይከብደኛል። ጠመንጃ የያዘ ሰው እግሩን ከመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት የተያዘበት ቀን ነውና።

አጋጣሚ ሆኖ ልክ በስድስተኛው ዓመት፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም፣ ማይጨው ሆነ። ያን ጊዜ ትእዛዝ ከወረቀት ወደ ሬዲዮ ተሻግሯል። የአገራችን ጦር ካሉት ጥቂት የሬዲዮ መገናኛዎች የሚወጣውን መልእክት ኢጣልያኖች እየጠለፉ ያነቡት ነበር፤ ማርሻል ባዶሊዮ የኛን አሰላለፍ ከኛው አፍ ይሰማ ነበር ማለት ነው። አየር ባለቤት የለውም። በማግስቱ በካሚዮን ተጭኖ የመጣ የፋሺስት ጦር ጎንደርን ያዘ፤ ብዙም ሳይቆይ ደብረ ታቦር ገባ። መኪና ለዚያ ደጋ ሰው የተዋወቀው በጠላትነት ነው። አርበኛውም መኪና የማስቆምን ዘዴ ወዲያው ተማረ፦ መንገድ ቆርጦ፣ ግንድ ጥሎ፣ ዳገት ላይ አድፍጦ። ደብረ ታቦር የነበረው የኢጣልያ ጦር በ1933 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ እጁን ሰጠ።

መቼም የሰው ልጅ መኪናን ያለ ሰው እጅ ለማዘዝ የተመኘው መኪና ሳይስፋፋ ነው። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1898 ኒው ዮርክ ላይ ትንሽ ጀልባ ውኃ ላይ አንሳፍፎ፣ ምንም ሽቦ ሳያገናኘው በሬዲዮ እንዲዞርና እንዲቆም ሲያዝዘው ተመልካቹ አስማት መስሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ደግሞ በዚያችው ከተማ ሾፌር የሌለበት መኪና በብሮድዌይ ጎዳና በሬዲዮ ተነዳ። የሚያዝዘው ሰው ከኋላ በሌላ መኪና ይከተል ነበር። ያም ሆኖ መኪናው ፎቶ አንሺዎች ከተጫኑበት መኪና ጋር ተጋጨ። ከኋላ ሆኖ የሚያይ ሰው እያለ እንኳን እንዲህ ሆነ።

ለሌባ የታሰበው የመጣው ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት «ሎጃክ» የተባለው ሥራ ጀመረ። ዕቃው መኪናው ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል፤ መኪናው ተሰርቋል ሲባል የሬዲዮ ድምፅ ማሰማት ይጀምራል፤ ፖሊሶች በየመኪናቸው ባለው መቀበያ ድምፁን ተከትለው ይደርሱበታል። አያቴ ቢሰሙት «ዱካ ነዋ!» ይሉ ነበር። ሎጃክ መኪናውን አያቆምም፤ ያለበትን ብቻ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ኩባንያ ከ2009 እ.ኤ.አ. ሞዴሎቹ ጀምሮ «ኦንስታር» በተባለው አገልግሎቱ የተሰረቀ መኪና ፍጥነት ከሩቅ እንዲቀንስ የሚያደርግ ዘዴ አወጣ። እዚህ ላይ አንድ ደንብ አለ፤ እኔ ከዕቃው ይልቅ ደንቡን አደነቅኩ። ባለቤቱ መኪናዬ ተሰረቀ ብሎ ስላመለከተ ብቻ መኪናው አይቆምም። ፖሊስ መኪናውን በዓይኑ ማየት፣ አካባቢው ለሌላ ሰው አደጋ እንደሌለው ማረጋገጥ፣ ከዚያም ራሱ ይቁም ብሎ መጠየቅ አለበት። አሜሪካኖቹ ከዚህ ሁሉ ኤሌክትሮኒክስ መጨረሻ ላይ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው አስቀመጡ።

ያለዚያ ምን እንደሚሆን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ቴክሳስ ውስጥ አውስተን ከተማ ላይ ታይቷል። በዱቤ መኪና የሚሸጥ ድርጅት ባለዕዳው ካልከፈለ መኪናው እንዳይነሳ የሚያደርግ ዕቃ በየመኪናው አስገጥሞ ነበር። ከሥራ የተባረረ አንድ ሠራተኛ በባልደረባው የምስጢር ቁልፍ ገባና ከ100 በላይ መኪኖችን አሰናከለ። ዕዳቸውን በወጉ የሚከፍሉ ሰዎች ጠዋት ለሥራ ሲወጡ መኪናቸው አልነሳ አለ፤ የአንዳንዶቹ ጥሩምባ ሌሊቱን ይጮህ ነበር። የተቀየመ ሰው እጅ ላይ የወደቀች ወፍ ማለት ይህች ናት።

ወደ አጎቴ ልመለስ። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት የሚወስደው መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናውያን ከሠሩት፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሆነው የወረታ ወልድያ መንገድ ላይ ያለ ነው። ደጉን ዘመን በዚያ መንገድ ላይ የተሰረቀ መኪና የሚያዘው በኬላ ነበር። ኬላ ማለት ሁለት እንጨት፣ አንድ ገመድና አንድ ሰው ነው። ከላይ «ታርጋው እንዲህ የሆነ» ተብሎ ይደወላል፤ ገመዱ አይወርድም፤ አለቀ። ሾፌሩ ወርዶ «እኔ እኮ እገሌ ነኝ፣ መኪናው የጋሼ ነው» ማለት ይችላል፤ ገመድ የያዘው ሰውም መልኩን አይቶ ያምነዋል ወይም አያምነውም።

በ2015 ዓ.ም ሐምሌ ማለቂያ ላይ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በየመኪናው የተገጠሙት፣ በካርታ ላይ መኪናን የሚያሳዩት ዕቃዎች አብዛኞቹ በኢንተርኔት የሚሠሩ ናቸውና ታወሩ። የአጎቴ በአጭር መልእክት የምትሠራ ስለሆነች ስልክ ባለበት ቦታ ሁሉ ትሰማ ነበር። ስልክም በሌለበት ግን አጭር መልእክት አይጠፋም። ይጠብቃል። ተቀባዩ ወደ ማማ ጥላ እስኪገባ ድረስ አንድ ቦታ ተቀምጦ ይጠብቃል። አጎቴ ይህን አያውቅም ነበር፤ ለነገሩ እኔም አላውቅም ነበር።

በ2016 ዓ.ም ግንቦት ውስጥ ነው። ከተቀጠረ ሁለት ወር የሆነው ሾፌር ድንች ሊጭን ወደ ነፋስ መውጫ ሄደ። በዚያው ቀን ይመለሳል የተባለው ሳይመለስ መሸ። ስልኩ አይነሳም። መንገዱ ሰው የሚታገትበት፣ ጭነት የሚዘረፍበት ጊዜ ነበር። አጎቴ በአንድ ልቡ ልጁን አገቱት ይላል፤ በሌላው ልቡ ደግሞ (ይህን ራሱ ነው የነገረኝ) ይዞብኝ ጠፋ ይላል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ያቺን ቃል ላከ። መልስ የለም። ደጋግሞ ላከ። ከዚያ ተኛ።

ሾፌሩ መንገድ ተዘግቶበት ከአንድ ገጠር መንደር አድሮ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ሲከፈት 40 ኩንታል ያህል ድንች ጭኖ ተነሳ። ክምር ድንጋይ ሳይደርስ፣ ዳገቱን እያጋመሰ ሳለ፣ መኪናዋ ወደ ስልክ ክልል ገባች። መልእክቱም ደረሳት። ሌሊት የተቆጣ ሰው የላካት ቃል ቀን ለቀን፣ ዳገት ላይ፣ ከነጭነቷ አገኘቻት። ሞተሩ እንደ ሻማ ድርግም አለ። ሞተር ሲሞት መሪው ድንጋይ ይሆናል፤ ፍሬኑም ከጥቂት ርግጫ በኋላ ይጠነክራል። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ረዳቱ፣ 17 ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ታኮውን ይዞ ዘለለ። አንደኛውን ጎማ ያዘ። መኪናዋ ቆመች። እጁን ለማውጣት ግን አልደረሰም። የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች አጣ።

አጎቴ ሕክምናውን ችሎ፣ ደመወዙን ሳያቋርጥ፣ ለካሣ ሽማግሌ ላከ። የልጁ እናት ከጉና ማዶ መጥተው ተቀመጡ። እኔም በዚያ ሰሞን ደብረ ታቦር ስለነበርኩ ጥግ ይዤ አዳመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ስለ ዕቃዋ ብዙ ተነገራቸው፤ ስለ ሲም ካርዱ፣ ስለ ማማው፣ ስለሚጠብቀው መልእክት። አንደኛው በጋቢያቸው እንደ ተሸፈኑ እስከ መጨረሻው ሰሙና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ቁም ባልካት ጊዜ ታያት ነበር?»

«የለም አባቴ፣ እቤቴ ነበርኩ።»

«የምታያት ሰው እዚያ ነበረህ?»

አጎቴ ዝም አለ። ካሣው ተቆረጠ፤ አጎቴም ከተቆረጠው በላይ ከፈለ። አያቴ በ2014 ዓ.ም አርፈው ስለነበር ይህን አልሰሙም።

በማግስቱ አጎቴ ዕቃዋን ነቅሎ ሊጥላት ሲል የከለከለው፣ ይገርማችኋል፣ ሾፌሩ ነው። «አያስፈቱት ጋሼ» አለ። «እውነተኛ ሌባ የመጣ ዕለትስ ምን ልንሆን ነው? ብቻ ብቻዎን አይላኩት።» ለረጅም ሰዓት ተከራከሩ። ሾፌሩ ቃሏ ለእሱም ትነገረኝ አለ፤ አጎቴ እምቢ አለ። ከዚያ ተስማሙ።

ባለፈው ዓመት ልጠይቀው ስሄድ ከስልኩ ጎን፣ ግድግዳው ላይ፣ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ቃሏን ከመላኩ በፊት ይደውልላቸው ዘንድ የተጻፉ ሰዎች ናቸው፦ ወረታ ያለ የሩዝ ፈላጭ፣ ዓለም በር ያለች ጠጅ ሻጭ፣ ክምር ድንጋይ ያለ የሻይ ቤት ባለቤት፣ ነፋስ መውጫ ያለ ጎሚስታ። ከየደጃቸው መንገዱ ይታያቸዋል። አጎቴ መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ አነበበልኝ። የመጨረሻውን ቁጥር ግን ሳያነብ ሊያልፍ ሲል «ይቺስ?» አልኩት።

«እሷ የልጁ እናት ናት» አለኝ። «ቤቷ ከጉና ማዶ ነው። መንገዱም አይታያት። ግን መጀመሪያ የምደውለው ለሷ ነው።»